ለሕያዋን የተነፋ ጥሩምባ

ውኃ ጥሙ አልቆርጥ ያላችሁ፣ ለሽንት ስትመላለሱ እንቅልፍ ያጣችሁ፣ ወገባችሁ ሲቀጥን ጎረቤት «አማረብህ» የሚላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አትደንግጡ፤ እኔም ተርፌ ነው የምጽፈው። ብቻ እንደ እኔ ብዙ አትቆዩ።

ስሜ ቢያድግልኝ ነው። ቡሬ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋለሁ። ከዚህ ሌላ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቼ በየመንገዱ ጥሩምባውን እየነፋሁ እዞራለሁ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ስለቆየሁ ልጆች ሲያዩኝ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። የታመመ ሰው ልጠይቅ ብገባም በሽተኛው እኔን በማየቱ እምብዛም ደስ አይለውም።

ሕመሙ የጀመረኝ በበጋ ስለ ነበር ጥሙን የፀሐዩ ነው ብዬ ተውሁት። ባለቤቴ እማዋይሽ ጠዋት የምትሞላልኝ የውኃ ኮዳ ቀትር ሳይደርስ ያልቃል። ውኃው አልበቃ ሲል ለስላሳ አስመጣለሁ። ሻይ ስጠጣ ደግሞ ስኳሩ ሳይሟሟ ከብርጭቆው ግርጌ እስኪቀር ነው። የጠጣሁት ሁሉ ወዲያው ልውጣ ይላል። የደንበኛ ልክ እየወሰድሁ ሳለ ሜትሩን ሰውየው አንገት ላይ ጥዬ ወደ ጓሮ የሮጥሁበት ቀን አለ።

ሱሪዬም ይሰፋኝ ጀመር። ልብስ ሰፊ ነኝና ምን ችግር አለ፤ አጠበብሁት። ጥቂት ሰንብቶ እንደገና አጠበብሁት። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ደንበኛዬ «ጋሼ ቢያድግልኝ፣ እንደ ጎረምሳ ሸንቀጥ አሉ እኮ፤ ምን እየበሉ ነው?» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ማለዳ ግን ሰው ለቀብር ልጠራ ወጥቼ ጥሩምባው እምቢ አለኝ። አፌ ደርቋል፤ ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። ትንፋሼን ሰብስቤ ብነፋ የሚወጣው የታመመ ዶሮ ድምፅ ነው። ሟቹ ወዳጄ ስለ ነበሩ ሰው ሁሉ «ሐዘን አንቆት ነው» ብሎ አዘነልኝ። እኔም ሐዘን መስሎኝ ነበር።

እማዋይሽ ግን «ሐዘን ሱሪ አያሰፋም» አለችና ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ደም ሰጥቼ ታይፎይድና ታይፈስ፣ ሁለቱም ተገኙብኝ። መድኃኒቱን ውጬ ጨረስሁ፤ ጥሙ እዚያው ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ጨጓራ ነው ተባልሁ። ሦስተኛው ቦታ ኩላሊቴን ጠረጠሩት። በየቤቱ ወረፋ፣ በየቤቱ አግዳሚ ወንበር፣ በየቤቱ ሌላ ክኒን። ስኳርህን እንየው ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ብለን ነው የምናውቀው፤ ቦርጭና መኪና ያለው ሰው የሚታመመው። እኔ ያለኝ መኪና የስፌት ነው።

ዘመድ ደግሞ «ደም አንሶት ነው» አለ። ከገጠር ማር ተላከልኝ። እማዋይሽ ጠዋትና ማታ በርዛ፣ «ጠጣ፣ ይጠግንህ» እያለች ታጠጣኝ ጀመር። በኋላ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

ጸበልም ገባሁ። የሚያጠምቁት አባት ከመጠመቁ ይልቅ ውኃውን መጠጣቴን አይተው «ልጄ፣ መጠመቁን ተጠመቅ፤ ሐኪም ዘንድም ሂድ። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱው ነው» አሉኝ። እሺ ብያቸው መጣሁ። ግን ሦስት ክሊኒክ ያየ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ያያል ብዬ ተቀመጥሁ።

ነገሩን የገለጠው መርፌ ነው። አንድ ምሽት እማዋይሽ እግሬን ስታጥበኝ እጇ ቆመ።

«ቢያድግልኝ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«የቱ?»

«ይህ። ከአውራ ጣትህ ሥር። መርፌ እኮ ነው።»

አጎንብሼ አየሁ። የተሰበረ የስፌት መርፌ ግማሽ አካሉ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያው አብጦ መግል ቋጥሯል። መቼ እንደ ወጋኝ አላውቅም። ስትነቅለው ፊቷን ያጨማደደችው እሷ ናት፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። የሚያም ነገር ሲያምህ የወጉ ነው፤ የሚያም ነገር ሳያምህ ሲቀር ግን ሰውነትህ ጥሎህ እንደ ሄደ ያህል ነው።

«ነገ ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን» አለች እማዋይሽ። መልሴንም አልጠበቀች።

ለመንገዱና እዚያ ለምንሰነብትበት እጃችን ባዶ ስለ ነበር በዚያው ምሽት ወደ አያ ስንሻው ቤት ሄደች። አያ ስንሻው ጎረቤታችንና የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ግን ከከተማው ዳር ያለችውን ማሳቸውን አሁንም ራሳቸው ያርሳሉ። ገንዘብ ላይ ቆፍጣና ናቸው። እማዋይሽ እድሩ እንዲያግዘን ስትለምናቸው እንዲህ አሏት፦

«እማዋይሽ ልጄ፣ የእድሩ ደንብ የሚለው ለሞተ ነው። እግዜር ይጠብቀውና ቢሞት ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ንፍሮውም ዝግጁ ነው። ካልሞተ ግን እጄ ታስሯል።»

እማዋይሽ ንዴትና ሳቅ ተቀላቅሎባት ተመለሰች። በማግስቱ በር ስንከፍት ግን አያ ስንሻው ጋሪ አስይዘው ቆመው አገኘናቸው። በጨርቅ የቋጠሩትን ገንዘብ እማዋይሽ እጅ ላይ አስቀመጡና «ይህ የእድሩ አይደለም፤ የእኔ ነው። የእድሩ ደንብ አለው፤ የእኔ ደንብ የለውም» አሉ። እኔን ደግፈው ጋሪው ላይ አወጡኝ። ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባን።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ሞልቷል። አንዲት ሴትዮ እግሬን አይተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝና እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ስማቸውን ሳልጠይቃቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ተራዬ ሲደርስ ጣቴን ወጉና ጠብታውን ደም አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ አስነኩ። መሣሪያው ቁጥር ማውጣት ሲገባው ፊደል ጻፈ። ነርሷ አይታ በዚያው ወደ ሐኪሙ አስገባችኝ። ፊደሉ ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቃት «መሣሪያው መቁጠር ከሚችለው በላይ ነው ማለት ነው» አለችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ይናገራል።

«ጋሼ፣ የስኳር ሕመም አለብዎት። ዛሬ የጀመረም አይደለም።»

«ዶክተር፣ እኔ ድኃ ነኝ እኮ» አልሁት።

«ስኳሩ ይህን አልጠየቀዎትም» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ከዚያ አስረዳኝ። የምንበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደማችን ውስጥ ይገባል። ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ነገር ሲዳከም ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሽንት የሚያመላልሰው፣ አፍ የሚያደርቀው ያ ነው። ብዙ ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል፤ ቁስልም ቶሎ አይድንም። መርፌው ያልተሰማኝ በዚህ ነው። ይህን ሁሉ ሰምታ እማዋይሽ በቀስታ «ማሩስ ዶክተር?» አለች። ግንባሩን የያዘው ያን ጊዜ ነው።

ተኛሁ። እግሬን ሰንጥቀው መግሉን አወጡት፤ ስኳሩን የሚያወርድ መርፌም ይወጉኝ ጀመር። ጣቴ ይተርፍ አይተርፍ ግን ገና አልታወቀም። ቀኝ እግሬ ነው፤ የመኪናዬን መርገጫ የምረግጥበት። ሌላው ቢያስተኛኝ ይህ ሐሳብ አያስተኛኝም ነበር። ያለ እግር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አላየሁም። እማዋይሽ ከአልጋዬ ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ትተኛለች፤ ስገላበጥ ሳትነሣ እጇን ዘርግታ እጄን ትይዘኛለች። እሱ ይበቃኝ ነበር።

አጠገቤ ከመራዊ የመጣ የእህል ነጋዴ ተኝቷል፤ በዚሁ በስኳር አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ጨዋታ አዋቂ ነው። «ከእንግዲህ የጫማ ወጪዬ ግማሽ ነው» እያለ ክፍሉን ያስቃል። አንድ ቀን ግን ሳቁን ትቶ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ በየገበያው ስዞር የኖርሁ ሰው ነኝ። ለእህል የሚለፈፍ ሰምቻለሁ፤ ለሎተሪ የሚለፈፍ ሰምቻለሁ። ‹ኑ ስኳራችሁን እንይላችሁ› ብሎ የለፈፈ ግን አልሰማሁም። ሰምቼ ቢሆን እግሬ ዛሬ ከእኔ ጋር ነበር።» ንግግሩ ውስጤ ቀረ።

አያ ስንሻው ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ለስኳር በሽተኛ እንዴት ነው ብለው ነርሷን ቢጠይቋት አንዱን ፈቀደችልኝ፤ የቀሩትን ለክፍሉ ሰው አደሉና ልጣጩን ሰብስበው ወጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ቁስሉን ብዙ አየው። «ሥጋው ቀልቷል። ጣቱ ይተርፋል» አለ። እማዋይሽ ጉልበቱን ልትስም ስታጎነብስ ወደ ኋላ እየሸሸ ከነጓንቱ ከክፍሉ ወጣ።

ቤት ስንመለስ መርፌው በክኒን ተተካልኝ። መድኃኒቱ በየዓመቱ መዋጮ በምንከፍልበት የጤና መድን ስለሚሸፈን እዚህ ላይ እፎይ አልን። ከባዱ ሌላው ነው። እማዋይሽ በሰፈሩ ባሉ ሻይ ቤቶች ሁሉ ዞራ ለእኔ ስኳር የሰጠ ከእሷ ጋር እንደሚጣላ ተናግራ ነበር። የመጀመሪያውን ስኳር የሌለው ሻይ ስጠጣ ሰፈሩ በሙሉ ያየኝ ነበር። እንጀራዬም ተለካ፤ ጎመኑና ምስሩ በዛ። ሐኪሙ «ይራመዱ» ስላለኝ ጠዋት ጠዋት ከአያ ስንሻው ጋር እስከ ማሳቸው እሄዳለሁ። ሽማግሌው ፈጣን ናቸው፤ እኔ እያለከለክሁ ነው የምከተላቸው። እየዋለ እያደረ ግን ትንፋሼ ተመለሰ፤ ከንፈሬም ረጠበ።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይመላለስብኝ ጀመር። ጥሩምባ ከነፋሁላቸው ሰዎች ስንቶቹን ነው «ድንገት ነው የሞተው» የተባልነው? ማታ ደኅና አምሽቶ፣ ጠዋት ወደቀ። ድንገት ስንለው የኖርነው ስም ነበረው፤ ስኳር ነው፣ ደም ግፊት ነው። ይህንን ይዤ ጤና ጣቢያ ወደ ሲስተር ውድነሽ ሄድሁ። ቁስሌን የምታየው ነርስ ናት።

«ሲስተር፣ ሰው ሳይወድቅ በፊት ለምን አትለኩትም?» አልኋት።

«ብንችልማ ጋሼ» አለችኝ። «ለታመመ ሰው መድኃኒት በጀት ይመጣል። ሰው ሳይታመም ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ለማስተማርና ለመለካት ግን የሚያዝልን የለም። መሣሪያችን አንድ ነው፤ የስኳር መለኪያው ወረቀትም ቶሎ ያልቃል። ወጪውን የሚችል ቢገኝ እኔ በዕረፍት ቀኔም እመጣለሁ።»

የእድሩ ስብሰባ ደረሰ። የዕለቱ ጉዳይ አዲስ ድንኳን መግዛት ነበር፤ አሮጌው በየቦታው ተቀድዶ ለቀስተኛው ላይ ዝናብ ያፈስሳል። ገንዘቡ ተጠራቅሞ ሞልቷል። ሁሉም ይገዛ ሲል እጄን አወጣሁ። ስለ እግሬ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ መራዊው ነጋዴ ነገርኋቸው። የድንኳኑ ገንዘብ ለደም ግፊትና ለስኳር መለኪያ፣ ለመለኪያው ወረቀትና ለትምህርቱ ይዋል አልሁ።

አያ ስንሻው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ቢያድግልኝ ልጄ፣ በመዳንህ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን እድር የቆመ ለቀብር ነው። ዛሬ ለጤነኛ ስጡ ካልን ነገ ለሠርግም ስጡ ትሉኛላችሁ።»

ብዙ ሰው ከእሳቸው ጋር ተስማምቶ ራሱን ነቀነቀ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት ባለቤታቸውን በዚያው ዓመት የቀበሩ እናት «ለእኔ ባል ድንኳኑ ተተክሎለታል፤ ንፍሮውም ተቀቅሎለታል። ጣቱን የወጋለት ግን አልነበረም» ብለው ተቀመጡ። ያን ጊዜ እኔ እንዲህ አልሁ፦

«አያ ስንሻው፣ እርስዎ ገንዘብ ያዥ ነዎት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። መዋጮ የሚከፍለው የሞተው ነው ወይስ ያለው?»

«የሞተማ አይከፍልም» አሉ አያ ስንሻው።

«እንግዲያው ያለው ቢቆይ ነው ለእድሩ የሚበጀው።»

ሳቅ ሆነ። እሳቸውም ከጢማቸው ሥር ፈገግ አሉ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ። «ድንኳኑስ?»

«ድንኳኑን እኔ እጠግናለሁ። በነፃ።»

«ዝናብ ያስገባ እንደሆን አንተን ነው ከቀዳዳው ሥር የማስቀምጥህ» አሉና ተስማማን።

ድንኳኑን በረንዳዬ ላይ ዘርግቼ ስጠግን ሰነበትሁ። ሸራው ከብዶ መርፌ ይሰብራል። የወደቀውን ስባሪ ሁሉ እማዋይሽ ከሥር ከሥር ትለቅማለች፤ ያለ ጫማም መኪናው ላይ አታስቀምጠኝም። መርገጫውን በዚያው በቀኝ እግሬ ስረግጥ ጣቴን ጫማው ውስጥ አነቃንቀዋለሁ፤ አለ።

ሲስተር ውድነሽ የመረጠችው ቅዳሜ ነው፤ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ ማለዳ መምጣት አለበት አለች። በስብሰባው ያልነበረ ብዙ ነው፤ የነበረውም ይረሳል። ምን ተሻለ ብለን ስንመካከር አያ ስንሻው «ጥሩምባ አለ አይደል» አሉ። እኔም ሳላስብበት እሺ አልሁ።

ጎሕ ሲቀድ ወጣሁና ነፋሁ። ትንፋሼ ተመልሶ ኖሮ ጥሩምባው እንደ ድሮው ሰፈሩን አንቀጠቀጠው። የማወጣውን ቃል የሰማ ግን አልነበረም፤ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ለወሬው አይቆምም። በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ወጡ። አንዱ አካፋ ይዞ መጣ። የመንደሩ ሰው ከበበኝ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም» አልሁ። «እንዳትሞቱ ነው።»

አንዲት ሴትዮ እንባቸውን ጠርገው «እንዲህ ያለ ቀልድ ለራስህ አድርገው» ብለው ተቆጡኝ። ግን ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ለቅሶ ሊደርስ ቁርስ ሳይበላ የወጣ ሕዝብ ነው፤ ለሲስተር ውድነሽ ደግሞ የሚስማማት እንዲህ ያለው ነበር። አካፋ የያዘውም አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተሰለፈ።

የተጠገነው ድንኳን ተተክሏል። ሲስተር ውድነሽ ትለካለች፤ እየለካችም ስለ ጨው፣ ስለ ስኳር፣ ስለ መጠጥና ስለ መንቀሳቀስ ታስረዳለች። መጀመሪያ የተለኩት አያ ስንሻው ናቸው፤ ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ በዓይኔ ልየው ብለው። ደም ግፊታቸውም ስኳራቸውም ደኅና ሆኖ ተገኘ። «የወጣት ነው አባባ» ብትላቸው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር እየዞሩ ለሁሉም ነገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግር መሄድን የሚያስተምሩ እሳቸው ሆነዋል፤ ጠዋት ወደ ማሳቸው ስንሄድ ከኋላችን የሚከተለው ሰው በዝቷል።

ሁሉም ግን እንደ አያ ስንሻው አልሆነም። ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ስኳር እንዳለባቸው ሳያውቁ የኖሩ ሰዎች ተገኙ። አካፋ የያዘው ሰው አንዱ ነው። በዚያው ሰሞን ሕክምና ጀመረ፤ አሁን ደኅና ነው።

እማዋይሽ ከሰልፉ ውጪ ቆማ ሰው ታስተናግድ ነበር። ጠራኋት።

«እኔ ምን ሆንሁ? ወረቀቱን ለታመመ ተውለት» አለች።

«ያልታመመን ለመለካት አይደል የመጣነው» አለች ሲስተር ውድነሽ፣ ጣቷንም ያዘች።

ሲስተር ውጤቱን ደግማ አየችው። እኔ ጣቴ ይቆረጥ ይሆን ሲባል ያልመታ ልቤ ያን ጊዜ መታ።

«እማማ እማዋይሽ፣ አይደንግጡ» አለቻት። «ስኳሩ ገና አልጀመረዎትም፤ ግን ደጅዎ ላይ ቆሟል። ክኒንም መርፌም አያስፈልግዎ። ጣፋጩን ይቀንሱ፣ ይራመዱ፣ ከዚያ ደግመን እናየዋለን።»

እማዋይሽን ይዤ ወደ ቤት ሄድሁ። ከበራችን ስንደርስ ቆም ብላ «ላንተ የከለከልሁህን ስኳር ማን ሲጨርሰው የኖረ ይመስልሃል?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ከድንጋጤዋ ወጥታ ሳቀች። በማግስቱ ማለዳ ጫማዋን አጥልቃ ከእኔ ቀድማ በር ላይ ቆመች። ከሰሞኑ ከአያ ስንሻው እኩል ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እድራችን ይህን ነገር በደንቡ አስገብቶታል፤ በየጊዜው ይለካል፣ ይማራል። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመጡ ሰዎች አይተው ለሚቀጥለው የመለኪያ ወረቀቱን እኛ እንችላለን ብለዋል፤ ሌሎች እድሮችም እየመጡ ይጠይቁናል። እኔ ለሚጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፦ ስንታመም የሚያስታምመን ብዙ ነው፤ እንዳንታመም ገንዘብ የሚያወጣልን ግን እኛው ካልጀመርን ማንም አይጀምርልንም።

ሁለተኛው ልኬታ ላይ የእማዋይሽ ስኳር ወደ ደኅናው ቦታ ተመልሶ ነበር። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ አጠገቤ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበርና «የእኔንስ ጻፍኸው ወይ?» አለችኝ።

«ያንቺን ምኑን ልጻፈው?» አልኋት። «ክሊኒክ አልዞርሽ፣ አልጋ አልያዝሽ፣ እግርሽ አልቆሰለ። የሚጻፍ ሕመም የለሽም እኮ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እሱን ጻፈዋ» አለች።